ሽምግልናው ቅዳሜ ነው

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ደብሮኛል። ዝናቡ ይሁን የለገሃር የታክሲ ሰልፍ እንጃ። ይመስለኛል የጠዋቱ ስብሰባ ነው። አለቃችን ጋሼ «አስተያየት ያለው?» አሉ። ዝም። «ስለዚህ ተስማምተናል?» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ደረጃው ላይ ሁለት ሁለት ሆነን ቆምንና እውነተኛው ስብሰባ ተጀመረ።

ኢንጂነሩና ፋይናንሱ አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው። ጠረጴዛቸው ፊት ለፊት ነው። ኢንጂነሩ የሚሰጠው ወረቀት ሲኖር እትዬን ይጠራል። እትዬ የከሰል ማራገቢያቸውን ያስቀምጣሉ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ፣ ወረቀቱን እንዳይቆሽሽ በሁለት ጣት ይዘው ይሻገራሉ። «እንካ ልጄ፣ ከሱ ነው።» ፋይናንሱ ቀና አይልም። ይፈርማል፣ በእሳቸው እጅ ይመልሳል። እናታቸው የሚሆኑ ሴት ናቸው። እንዲህ ሲያመላልሷቸው ሳይ ያመኛል።

ባለፈው ጨረታ ደግሞ ነገሩ ከማሳዘን አልፎ ጎዳን። ኢንጂነሩ የሥራ ዕቅዱ በሚጻፍበት በቴክኒካሉ ሰነድ ላይ ሰርቬየሩን፣ መሬት ለኪውን፣ ከግማሽ ወደ ሙሉ ጊዜ አሳደገው። ፋይናንሱ ዋጋውን ያሰላው በድሮው ነው። «ስማ፣ ሰርቬየሩ ተቀይሯል» የሚል አንድ አፍ ጠፋ። ስህተቱ የታወቀው ጠዋት፣ ፖስታው ሊታሸግ ሲል ነው። እንደገና ተሰላ፣ ታተመ፣ በየገጹ ማህተም ተመታ። የጨረታው ሳጥን አራት ሰዓት ላይ ሲታሸግ መኪናችን ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቆማ ነበር። የዚያ ሁሉ ሰው ድካም በዚያው ቀረ።

ቢሮው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ጠባያቸው ነው» ይላል። አንዱ ቁጡ፣ ሌላው ቂመኛ። እኔ አልስማማም። ኢንጂነሩ ቱግ ይላል፣ ወዲያው ይበርድለታል። ፋይናንሱ ሲናገር ቃል ይመርጣል፤ ቁጥር ሲዛባ ግን ዓይኑን አያመልጠውም። እስከዛሬ ካወጣናቸው ሰነዶች ምርጡን የሠሩት እኮ እነሱ ናቸው፣ ከነዚሁ ጠባያቸው። አንዱ ሲገሰግስ ሌላው ያጣራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ይከራከሩ ነበር። ምሳ ግን አብረው ይወጣሉ፣ አንድ ሽሮ ለሁለት።

የተበላሸው ስለ ሥራ መርሐ ግብር ሲከራከሩ ነው። ክርክሩ ስለ ቀን ነበር። መሃል ላይ «አንተ ድሮም እንዲህ ነህ» የምትል ነገር ወጣች። ማን እንዳላት መናገር አልፈልግም። ከዚያች በኋላ ስለ ቀን ያወራ የለም።

ሰሞኑን ስለዚህ ነገር ሳነብ ነው የከረምኩት። ካረን ጄን የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ጥናት የሥራ ክርክርንና የሰው ጠብን ለየቻቸው። በየቀኑ አንድ ዓይነት በሆነ ሥራ ላይ ክርክር ይጎዳል። አዲስ ሐሳብ በሚጠይቅ ሥራ ላይ ግን አይጎዳም፣ አንዳንዴም ይጠቅማል። የሰው ጠብ ሥራው ምንም ይሁን ምን መጥፎ ነው። በዚህ ደስ ብሎኝ ሳለሁ እ.ኤ.አ. የ2003ቱን የደ ድሩንና የዋይንጋርትን ጥናት አገኘሁ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲያዩ የሥራ ክርክሩም ቢሆን ከደካማ ውጤት ጋር አብሮ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ጄንና ሁለት ባልደረቦቿ 116 ጥናቶችን መረመሩ። ክርክሩ ከሰው ጠብ ጋር ባልተጣበቀበት ቦታ ውጤቱ የተሻለ ነው አሉ። ይሄ ልቤን ነካው። የእኛን ቢሮ ያዩት ነው የሚመስለው።

ታዲያ ክርክሩና ጠቡ እንዴት ነው የሚላቀቁት? እኛ ዘንድ «ሥራህ ተሳስቷል» ማለት «አንተ ዋጋ የለህም» ሆኖ ነው የሚሰማው። ስለዚህ አፋችንን እንዘጋለን፣ ሰላም ነው እንላለን። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል ሌላ ተመራማሪ ሆስፒታሎች ውስጥ ያሉ ቡድኖችን ስታጠና ጥሩ የሚባሉት ብዙ ስህተት ሲያስመዘግቡ አገኘች። ከሌላው የበለጠ ስለሚሳሳቱ አልነበረም፤ ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ይመስላል። እኛ ቢሮ የተመዘገበ ስህተት የለም።

ጋሼ ቅዳሜ ሽምግልና ጠርተዋል። አከብራቸዋለሁ፣ ቢያንስ ነገሩን አይተው አላለፉም። ሁለቱም እንደሚታረቁ አልጠራጠርም። ለጋሼ ሲሉ ይታረቃሉ፣ ይሳሳማሉ፣ እትዬም ያርፋሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እንዲህ ታርቆ የሚጠነቃቀቅ ሰው አይቻለሁ። ዳግም ላለመጋጨት ሲል የባልደረባውን ስህተት እያየ ያልፋል። በይሉኝታ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላል።

እኔ የናፈቀኝ ያ ጭቅጭቃቸው ነው። ሰላምታውን ሽማግሌ ይመልሰዋል። ፋይናንሱ ሰኞ ጠዋት የኢንጂነሩን ገጽ ገልጦ «ይሄ ልክ አይደለም፣ ና እስቲ እየው» እንዲለው የሚያደርገውስ ማነው?