የሐሙስ ማታ ሙሐሰባ፦ እስካሁን የያዘልንና ያልያዘልን

ደሴ ውስጥ ከሐሙስ ማታው ዱዓ ጋር አያይዘን ስለምንሠራው ሙሐሰባ፣ ማለትም ነፍስን በሪያ (ለሰው ታይታ በመሥራት) ሒሳብ ስለመጠየቅ፣ ሌሎች ጀመዓዎች ስለጠየቁን፣ አሠራሩን ከነብልሽቱ እንዲህ አስቀምጠናል።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ857 ባግዳድ ላይ ያረፉት የሱፊ ሊቅ አል-ሐሪስ አል-ሙሐሲቢ መጠሪያቸውን ያገኙት ነፍስን ሒሳብ ከመጠየቅ ነው። ኢማም አል-ገዛሊ ደግሞ ሥራውን በ6 ደረጃ ከፍለውታል፦ ሙሻረጣ (ከነፍስ ጋር አስቀድሞ መዋዋል)፣ ሙራቀባ (መከታተል)፣ ሙሐሰባ (ሒሳብ መጠየቅ)፣ ሙዓቀባ (መቅጣት)፣ ሙጃሀዳ (መታገል)፣ ሙዓተባ (መውቀስ)። እኛ የያዝነው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ነው። አራተኛውን፣ ነፍስን መቅጣቱን፣ ትተነዋል። ለሪያ ቅጣት ተብሎ የተያዘ የሰኞና ሐሙስ ጾም ብዙ ሳይቆይ «እገሌ እኮ ጾመኛ ነው» ያሰኛል፤ በሽታው በመድኃኒቱ በኩል ተመልሶ ይገባል።

ከሱብሒ በኋላ ደብተር ላይ አንድ መስመር ይጻፋል፤ ዛሬ ነፍስ የምትፈተንበት አንድ ቦታ። ከኢሻ በኋላ ቢበዛ 5 መስመር። ገጹ ሦስት ዓምድ አለው፦ የተሠራው፣ ያየው ሰው፣ ማንም ባያይ ኖሮ ሥራው ይቀር ወይም ያጥር እንደነበር። «ዛሬ ሪያ ነበረብኝ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። ምንም አይናገርም፣ እንዲያውም ጸሐፊውን ደስ ይለዋል። «መግሪብ ላይ አማቴ ከኋላ መቆማቸውን ሳውቅ ሱጁዴን አስረዘምኩ» የሚለው ግን ያሳፍራል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ወሩ ሲያልቅ ገጾቹ ተቀደው ይቃጠላሉ። አለበለዚያ የደብተሩ ውፍረት ራሱ መኩሪያ ይሆናል።

የደሴን የኅዳር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፦ በዚያ ውሃ ውዱእ አድርጎ ሱብሒን በመጀመሪያው ሶፍ (ረድፍ) የሰገደ ሰው እስከ ረፋድ ድረስ ለአንድ ሰው ሳይናገር መቆየት ይከብደዋል። (ኮምቦልቻዎች ከዚህኛው ፈተና ተርፈዋል።) ሁለተኛው ዓምድ የሚሞላው ባብዛኛው በዚህ ነው።

ሐሙስ ማታ ቡና ላይ ለክበቡ የሚነበበው ምን እንደሆነ በደንብ መለየት አለበት። የወንጀል (የኃጢአት) ዝርዝር አይወራም። አላህ የሸፈነለትን ወንጀል ነግቶ የሚያወራ ሰው ከይቅርታው ውጪ እንደሚሆን ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። ስለዚህ የሚነበበው የመታየት ፍላጎቱ ብቻ ነው። የሰው ሐቅ ያለበትም ወደ ባለሐቁ ይሂድ እንጂ ቡና ላይ አያምጣው።

ክበቡ ከ4 እስከ 6 ሰው ይበቃዋል። ከዚያ ሲበዛ ሁሉም ዳዕዋ አድራጊ ይሆናል። አቦል ላይ ሱረቱል ማዑን ትቀራለች፣ ቶና ላይ እያንዳንዱ ከደብተሩ አንድ መስመር ያነባል፣ በረካ ላይ ዱዓ ይደረጋል። ታላቅ መጨረሻ ያነባል፤ ሸኹ ከቀደሙ ታናናሾቹ የሳቸውን አሳምረው ይደግማሉ። ለተነበበው መልሱ «አላህ ያግዝህ» ብቻ ነው። «ኧረ አንተ እንዲህ ካልክ እኛ ምን ልንል ነው!» የሚለው ማጽናኛ ተከልክሏል። ከሁሉ ያስቸገረንም ይኸው ነው፤ የወሎ ሰው ሌላው ሲያፍር ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም።

ትልቁ ብልሽት ግን የሚመጣው ሰው ከተላመደ በኋላ ነው። ደግነቱን ማሳየት የተወ ሰው ድክመቱን ማሳመር ይጀምራል። መስመሩ ይረዝማል፣ ድምፁ ይለሰልሳል፣ «እኔማ ምን ቁም ነገር አለኝ» ይበዛል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ ወዳጅ ለብቻው ይዞት «እውነትህን ነው፣ ሰሞኑን ሰንፈሃል» ይበለው። ከቆጠቆጠው፣ ቃሉ ሙገሳ መጥሪያ ነበር ማለት ነው። በሰው ፊት ይህን ማድረግ ግን ጭካኔ ነው። ኢራን ውስጥ በኒሻፑር የነበሩት መላመቲያ የተባሉ መንፈሳውያንም መልካም ሥራቸውን በመደበቅ ስም ያወጡ ናቸው፤ መደበቅም ስም ያወጣል።

ተቃራኒውም አለ፦ ሪያን ፈርቶ ከጀመዓ መቅረት። የጥንቱ ዛሂድ (ከዓለም የራቁ) ፉደይል ኢብን ዒያድ ለሰው ብሎ ሥራን መተውንም ሪያ ብለውታል። ሥራው አይቋረጥም፣ የሚታደሰው ኒያው (የልብ ሐሳቡ) ነው። መንዙማ ላይ የሚያለቅስንም ማንም አይመረምረውም፤ ለብቻው ሲሆንም ያለቅስ እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ሰደቃው የተስተካከለው በፖስታ ነው። አል-በቀራ 271 በግልጽ መስጠትንም መልካም ትለዋለች፣ ለድሃ በስውር መስጠትን ግን ታስበልጣለች። ክፍት ሳህን ሲዞር ባለ 200 ብሩ ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ ባለ 10 ሩ ተጨማዶ ይገባል። አሁን ሁሉም አንድ ዓይነት የታሸገ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ይከታል፤ የሌለው ባዶውን ይከታል። የሚከፍቱት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ የሚነገረው ድምሩ ብቻ ነው።

ቀጣዩ ሙከራ የመውሊድ ጉዞ ወሎ ውስጥ ወዳለው ጀማ ንጉሥ ነው። ፎቶ ቴሌግራም ላይ አለመለጠፍ በሙሻረጣው መስመር ከመነሳት በፊት ይጻፋል። ከመልስ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ሳይጠየቅ ስለ ጉዞው ለማን እንዳወራ በሁለተኛው ዓምድ ይመዘግባል።