ውዝፉን ከፈልኩ፣ መዝገቡ ግን አልጠራም ነበር

ባለፈው ስለ እዳዬ ስጽፍላችሁ መክፈል ከጀመርኩ አሥራ አንደኛው ወር ላይ ነበርኩ። «እስኪያልቅ እየመጣሁ እነግራችኋለሁ» ብዬ ነበር። አለቀ። አጨራረሱ ግን እንደጠበቅኩት ስላልሆነ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። ከእናንተ መሃል ስልኳን አጥፍታ የተቀመጠች እህት ካለች ይጠቅማት ይሆናል።

ለአዲሶቹ፦ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ሽቲ (ስስ የሴት ቀሚስ) እየሰፋሁ እሸጣለሁ። በ2015 መጨረሻ እናቴ ታማ ቀዶ ሕክምና አስፈለጋት። የጨርቅ መግዣዬ በሙሉ እዚያ ገባ። አይቆጨኝም። ከዚያ በኋላ ግን እዳው በሦስት በኩል ያዘኝ። ከአንድ አነስተኛ የብድር ተቋም ከወሰድኩት 120,000 ብር 78,000 ይቀረኝ ነበር። መጋላ ላሉ የጨርቅ ጅምላ ነጋዴ የዱቤ 46,000 ነበረብኝ። በስልክ የተበደርኩት ደግሞ 6,500። ድምሩ 130,500 ብር።

ኅዳር 2016

አራት ወር አልከፈልኩም። ከተቋሙ ሲደወል አላነሳም ነበር። በጅምላ ነጋዴው ሱቅ በር ላለማለፍ ስል መንገድ እቀይር ነበር። ይሉኝታ ነው የያዘኝ። «ትንሽ ልያዝና እሄዳለሁ» እላለሁ፣ ትንሿ አትያዝም።

እኔ ስጠፋ ለብድሩ የፈረመልኝ ዋሴ ጋ ደወሉ። ዋሴ የእህቴ ባል ነው፣ መምህር ነው፣ ሳቢያን ነው የሚኖረው። ክፍል ውስጥ እያስተማረ ነው የተደወለለት። ከደመወዙ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገሩት። እኔ ምንም አልነገርኩትም ነበር። ማታ ቤቱ ስሄድ እንዲህ አለኝ፦ «ከሰው አፍ ሰማሁት። አንቺ ብትነግሪኝ ምን ነበር?» እህቴ ከጓዳ አልወጣችም። ከዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የከበደኝ ቀን ያ ነው።

ውሉን አውጥቼ በደንብ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል አለው። ፈርሜበታለሁ፣ ትርጉሙን ግን አላውቅም ነበር። አበዳሪው እኔን ቀድሞ መክሰስ ሳያስፈልገው ቀጥታ ዋሱን መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። እባካችሁ ውላችሁን አውጡና ይህ ቃል መኖሩን እዩ። ካለ፣ መቸገራችሁን መጀመሪያ መስማት ያለበት ዋሳችሁ ነው። ከአበዳሪውም በፊት።

ታኅሣሥ 2016

ይህን ወር ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ብዙ የተማርኩበት ስለሆነ ነው።

ቅን ነኝ ለማለት ያህል 3,000 ብር ይዤ ሄጄ ገቢ አደረግኩ። በሳምንቱ ስቴትመንት (የሂሳብ መግለጫ) አስወጣሁ። ዋናው ብድር ያው 78,000 ነው! አንድ ብር አልቀነሰም። የገባው ገንዘብ ሁሉ ወለድና ቅጣት ላይ ሄዷል። ተናድጄ ልጣላ ስል የብድር ሠራተኛው ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ኋላ ጠበቃ የሆነች ደንበኛዬም አረጋገጠችልኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ በከፊል የተከፈለ ገንዘብ መጀመሪያ ለወጪና ለወለድ ይታሰባል ይላል። ዋናው የሚነካው እነዚያ ካለቁ በኋላ ነው። ስለዚህ ሳይስማሙ እየቆነጠሩ መክፈል ልብን ያረካል እንጂ እዳውን አይነካውም።

ከዚያ ማመልከቻ ጻፍኩ። በእጄ፣ አንድ ገጽ። ለምን እንዳቆምኩ ጻፍኩ፣ የእናቴን የሆስፒታል ወረቀት አያያዝኩ። በወር ስንት እንደምሸጥ፣ ለኪራይና ለቤት ስንት እንደሚወጣ በቁጥር አስቀመጥኩ። ሁለት ነገር ጠየቅኩ፦ ቀሪው እዳ በ20 ወር እንዲሸጋሸግልኝና ቅጣቱ እንዲነሳልኝ። ኮፒው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አስመታሁ። ይህችን ማኅተም አደራ እንዳትረሷት።

ያን ጊዜ ውዝፍ ወለዱ 7,200፣ ቅጣቱ 4,100 ደርሶ ነበር። ከዋናው ጋር 89,300። ሁለት ሳምንት አመላለሱኝ። ከዚራ ያሉት ዛፎች ጥላ ሥር ስንት ቀን እንደተቀመጥኩ! በመጨረሻ ቅጣቱን አነሱልኝ። በ85,200 ላይ አዲስ ውል ተፈረመ፣ ከነወለዱ በወር 5,100። ዋሴም እንደገና መፈረም ነበረበት። መጥቶ ፈረመ። ምንም አላለኝም።

የስልኳን ብድር በዚያው ወር ዘጋኋት። ከሦስቱ ትንሿ ብትሆንም ቅጣቷ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚያድገው። ሁለተኛዋን የስፌት መኪናዬን ሸጬ ነው የከፈልኳት።

ጥር 2016

ጅምላ ነጋዴው ጋ መሄድ ከተቋሙ በላይ አስፈርቶኝ ነበር። ሀጂ ነው የምንላቸው። ስገባ ደብተራቸውን እንኳ አላወጡም። ሻሂ አዘዙልኝ። ጨርሼ ስነግራቸው «በየሳምንቱ አንድ ሺህ አምጪ፤ ብታጪም ባዶ እጅሽን ነይ፣ እንዳትጠፊ» አሉኝ። ወለድ አይወስዱም። ሁለት ሳምንት በእርግጥ ባዶ እጄን ሄጃለሁ። ሻሂ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ሐምሌና ነሐሴ 2016

ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። በጅቡቲ በኩል የሚገባው ጨርቅ ዋጋ ተሰቀለ። የእኔ ደንበኞች ደግሞ በአንድ ሽቲ 200 ብር ጨምሪ ስትያቸው የሚሄዱ ናቸው።

የነሐሴን ክፍያ እንደማልሞላ ከቀኑ በፊት አወቅኩ። በዚህ ጊዜ አልጠፋሁም። ቀኑ ሳይደርስ በአሥር ቀን ቀድሜ ሄድኩ። 2,600 አሁን፣ ቀሪውን በ15 ቀን ብዬ በጽሑፍ አስያዝኩ። ተቀበሉኝ። ልዩነቱ ገረመኝ። ያው እኔ ነኝ፣ ያው ገንዘብ ነው። ከቀኑ በፊት የመጣ ሰው ግን ሌላ ዓይነት ነው የሚስተናገደው።

መሃሉን ልዝለለው። ስፌት፣ ክፍያ፣ ስፌት፣ ክፍያ። ደረሰኞቹን በአንድ የፕላስቲክ ክላሰር ውስጥ በቀን ቅደም ተከተል አስቀመጥኩ። የሀጂ 46,000 ጥር 2017 ላይ አለቀች።

ሐምሌ 2017

የመጨረሻዋን 5,100 ከፈልኩ። ሃያ ወር። ክሊራንስ፣ ማለትም እዳ እንደሌለብኝ የሚገልጽ ወረቀት፣ ጠየቅኩ፣ በሳምንቱ ሰጡኝ። ያን ቀን አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። ሄጄ ተኛሁ።

ጥቅምት 2018

እኔ አልቋል ባልኩበት የተከፈተው ይህ ነው። ለስፌት መኪና መግዣ 40,000 ብር ልበደር ሌላ አበዳሪ ጋ ሄድኩ። ቲን ቁጥሬን አስገቡ። የብድር ሠራተኛዋ ስክሪኑን አየችና «እህቴ፣ ያልተዘጋ ብድር አለብሽ» አለችኝ።

አሠራሩን ያስረዳችኝ እሷ ናት። ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት አለው። አበዳሪዎች የተበዳሪን መረጃ ወደዚያ ይልካሉ። አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም እዚያ ያያሉ። ብድር አምስት ደረጃ አለው፦ መደበኛ፣ ልዩ ክትትል የሚያሻው፣ ከደረጃ በታች፣ አጠራጣሪና ኪሳራ። ክፍያው 90 ቀን ካለፈ የተበላሸ ተብሎ ይመደባል። እኔ አራት ወር ጠፍቼ የለ? እዚያ ውስጥ ገብቻለሁ። ብድሩን ስዘጋው መረጃውን ማደስ ያለበት የሰጠኝ ተቋም ነው። አላደሰውም። ክሊራንሱ እኔ ክላሰር ውስጥ ነው፣ መዝገቡ እዚያው እንደነበረ ነው።

ተመልሼ ሄድኩ። ማመልከቻ፣ የክሊራንስ ኮፒ፣ የመጨረሻው ደረሰኝ፣ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ተስተካከለ። ያቺው ሠራተኛ ዳግም አይታ «አሁን ተዘግቷል» አለችኝ። የዘገየሁባቸው ወራት እዚያ ይታያሉ። አልጠፉም። ከነሱ በኋላ ግን የሃያ ወር ክፍያ አለ። እሱንም ያያሉ። ብድሩን በ25,000 ፈቀዱልኝ።

ስለዚህ የጨረሳችሁ ሁሉ ክሊራንስ ከያዛችሁ ከአንድ ወር በኋላ መዝገቡ መታደሱን ጠይቁ። ብድር ባትፈልጉም ጠይቁ። በተቸገራችሁበት ቀን ከማወቅ ዛሬ ማወቅ ይሻላል።

ቤቷን ለባንክ ያስያዘች አንዲት እህት በውስጥ ጠይቃኝ ነበር። የእኔ ጉዳይ ቤት የለበትም። ይህን ግን ልንገርሽ፦ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ውልሽ ላይ ይህን ከፈረምሽ ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ደብዳቤው ከደረሰሽ ቀን መቁጠር ጀምሪ። ነገ ጠዋት ሂጂ።

ታኅሣሥ 2018

ባለፈው እሁድ ሳቢያን ሄድኩ። የክሊራንሱን ኮፒና መዝገቡ መዘጋቱን የሚገልጸውን ደብዳቤ ይዣለሁ። የዋሱም ስም እዚያ ውስጥ ስለነበረ ለሱም አንድ ኮፒ ይገባዋል ብዬ ነው። በሩን የከፈተችልኝ እህቴ ናት። ወረቀቱን በሩ ላይ ቆማ አነበበችው። ከዚያ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ አስገባችውና «ግቢ፣ ቡናው ቶና ደርሷል» አለችኝ።