የውሃ ሽታ የሆነችው ክብ

ማክሰኞ ሌሊት ነው። ዛሬም ክቧ የውሃ ሽታ ሆነችብኝ።

ክቧ የምላት የብሩሽ ጠቋሚዋን ነው። ፎቶ በማርምበት ፕሮግራም ውስጥ ብሩሽ ሲመረጥ ቀስቷ ትሰወርና በቦታዋ፣ ብሩሹ የቱን ያህል ስፋት እንደሚነካ የምታሳይ ቀጭን ቀለበት ትመጣለች። እጄ ያለው ጠረጴዛው ላይ፣ ሥራው ያለው ስክሪኑ ላይ ነው፤ ሁለቱን የምታገናኝልኝ እሷ ብቻ ናት። እሷ ከሌለች ዓይኑን በጨርቅ አስረው ግድግዳ ቀባ እንዳሉት ሰው ነኝ።

የማድሰው የእማዬን ፎቶ ነው። እኔ ሳልወለድ የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ። ጥቁርና ነጭ ልበለው እንጂ ዕድሜ በልቶታል፤ ጥቁሩም ጥቁርነቱን፣ ነጩም ነጭነቱን ትቶ መሀል ላይ ተገናኝተዋል። ፊቷ ግራጫ፣ ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ግራጫ፣ ቀሚሷ ግራጫ። በዚያ ላይ የታጠፈበት መስመር፣ የእርጥበት ነጠብጣብ፣ የጭረቱ ብዛት። እነዚያን አንድ በአንድ መልቀም ነው ሥራው። ጸጉሯ ላይ ስሆን ክቧ ቁልጭ ብላ ትታየኛለች። ወደ ግንባሯ ስወርድ ትደበዝዛለች። ጉንጯ ላይ ስደርስ የለችም። ማውሱን አወዛውዛለሁ፣ ወደ ጸጉሯ እመለስና አገኛታለሁ፣ እንዳታመልጠኝ ቀስ እያልኩ ይዣት እወርዳለሁ። ጉንጯ ላይ ስደርስ ደግሞ የለችም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዓይኔን ነው። መነጽሬን ሦስት ጊዜ ወለወልኩ። የስክሪኑን ብርሃን ጨመርኩ። ካፕስ ሎክ ነክቼ ይሆን ብዬም አየሁ፤ ተጭኖ ሲቀር ክቧን ወደ ትንሽ መስቀል ስለሚለውጣት ስንቴ አስደንግጦኛል። አልነበረም። ቀጥዬ ያደረግኩትን ብናገር ያሳፍራል፦ ማውሱን ቀየርኩት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ማውሱ ምን አጠፋ? ጠቋሚዋ እኮ በደንብ ትሄድልኛለች፤ የማትታየው እኔን ነው።

ኋላ የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ጠቋሚውን አተለቅኩት። ቀስቷ ጣት የምታህል ሆነች፣ ክቧ ግን ያው ናት። ለካ ቀስቷን የሚስላት ኮምፒውተሩ ሲሆን ክቧን የሚስላት ራሱ ፕሮግራሙ ነው፤ የአንዱ ማስተካከያ ሌላው ዘንድ አይደርስም። የሚስላትም በአንድ ፒክስል፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ምስል በሚሠራበት ትንሿ ነጥብ፣ ውፍረት ነው። በድሮው 24 ኢንች ስክሪኔ ላይ አንድ ፒክስል 0.28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። አሁን ባለኝ፣ ነጥቦቹ በጣም በተጠጋጉበት 27 ኢንች ፎር ኬ ስክሪን ላይ 0.16 ገደማ ነው። ጥራት ብዬ ገዝቼ ክቧን በገዛ ገንዘቤ አቀጠንኳት ማለት ነው።

ረቡዕ። ጉድ ፈላ።

ትናንት ሌሊት በግምት እየነካሁ ጨርሼው ነበር። ጭረቱ ጠፍቷል፣ ነጠብጣቡ ጠፍቷል፣ ደስ ብሎኝ ለእማዬ ላክሁላት። ጠዋት ደወለችልኝ። አመሰገነች፣ መረቀች፣ ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና፣ "ልጄ፣ ማርያም የሳመችኝን የት ጣልካት?" አለች።

ከንፈሯ ዳር ያለችው ጥቁር ነጥብ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳያት የኖርኩት ነጥብ። ከጎኗ አንድ የእርጥበት ነጠብጣብ ነበረ፤ እሱን ያጠፋሁ መስሎኝ፣ ክቧ የት ድረስ እንደሰፋች ሳላይ፣ ሁለቱንም በአንድ ጠቅታ ለስልሼ አልፌያለሁ። ደጋግሜ ሳየው እንኳ አልታወቀኝም። በቀለም ፎቶ ቢሆን ወዲያው ኮንትሮል ዜድ እል ነበር፤ ግን ያላዩትን ስህተት ማን ይመልሰዋል? ደግነቱ ስካን ያደረግኩት ዋናው ፋይል ሳይነካ ተቀምጧል።

ሐሙስ ማታ ተናድጄ የናቴን ፎቶ ዘጋሁና ባዶ ፋይል ከፈትኩ። ከግራ ጠርዝ በድፍን ጥቁር ጀምሮ፣ እየነጣ እየነጣ ሄዶ ቀኝ ጠርዝ ላይ ድፍን ነጭ የሚሆን ሸማ የመሰለ መደብ ሠራሁ። ብሩሹን ያዝኩና ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብዬ ነዳሁት። ጥቁሩ ላይ ክቧ ነጭ ነበረች፣ ቦግ ያለች። እየሄደች ደበዘዘች። ልክ መሀል ላይ ተሰወረች። እጄን ሳላቆም ቀጠልኩ፤ ከዚያ ማዶ ጠቁራ ብቅ አለች፣ ነጩ ላይ ስትደርስ እንደ ቀለም እርሳስ መስመር ጎላች። አራት አምስት ጊዜ አመላለስኳት። የምትጠልቅበት ቦታ አንድ ነው።

ዓይኔ ደህና ነው። የመቀነስ ሒሳብ ነው የበደለኝ።

የኔ ፕሮግራም ክቧን የራሷ ቀለም አልሰጣትም። ያለችበትን ቦታ ቀለም ትገለብጠዋለች። የአንድ ፒክስል ብርሃን ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል፤ መገልበጥ ማለት ያለውን ቁጥር ከ255 ላይ መቀነስ ነው። ጥቁሩ 0 ስለሆነ ክቧ 255 ትሆናለች። 200 ላይ 55 ትሆናለች፣ ትታያለች። 128 ላይ ስትቆም? 127። በአንድ ቁጥር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ግራጫዎች፣ ያውም እንደ ጸጉር በቀጠነች መስመር፤ ንስርም ቢሆን አይለያቸውም። የእማዬ ጉንጭ ስንት እንደሆነ ለካሁት። ከ120 እስከ 135 ነው፤ መጋረጃውም እዚያው ነው። ፎቶው ወይቦ ወይቦ የተጠራቀመው ክቧ የምትጠልቅበት ሰፈር ላይ ነው።

የቀለም ፎቶ ስሠራ ለምን እንዳልቸገረኝም ገባኝ። የሰው ፊት ለምሳሌ ቀዩ 200፣ አረንጓዴው 150፣ ሰማያዊው 120 ቢሆን፣ ሲገለበጥ 55፣ 105 እና 135 ይሆናል። ሰማያዊው ቢቀራረብም ቀዩ ያጋልጣታል። ሦስቱም ቻናል እኩል መሀል ላይ የሚቆሙት ግራጫ ላይ ብቻ ነው።

ይሄ ነገር ከየት መጣ ብዬ ሳነብ አመሸሁ፤ እንቅልፌም ሄደ። ጥንት፣ የኮምፒውተር ጥንት ማለቴ ነው፣ ሜሞሪ ውድ ነበር። ጠቋሚ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከሥሩ የነበረው ምስል መመለስ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ቅጂ ማስቀመጥ ይጠይቃል። መገልበጥ ግን ቅጂ አይፈልግም። አንዴ ሲገለብጡት ጠቋሚው ይታያል፣ ያንኑ ቦታ ደግመው ሲገለብጡት ምስሉ እንደነበረ ይሆናል። ፕሮግራመሮች ኤክስ ኦር በሚሉት ስሌት የሚሠራ፣ ምንም የማያስወጣ ብልሃት። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ስክሪኑ 512 በ342 ፒክስል ነበር፣ እያንዳንዱም ወይ ጥቁር ወይ ነጭ። በዚያ ዓለም ውስጥ መገልበጥ እንከን የለውም፤ የጥቁር ግልባጭ ነጭ ነው፣ አለቀ። መሀል የሚባል ሰፈር ገና አልተቆረቆረም ነበር።

የሚያበሽቀኝ መፍትሔው ስክሪኔ ላይ ሲመላለስ መኖሩ ነው። ቀስቷን ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም፤ ነጭ ሆና ዙሪያዋን ጥቁር ጠርዝ አላት። ነጭ ላይ ስትሆን ጠርዟ ይታያል፣ ጥቁር ላይ ሆዷ ይታያል፣ ግራጫ ላይ ሁለቱም ይታያሉ። ምንም ሒሳብ የለውም። ክቧንም በሁለት መስመር፣ አንዱን ጥቁር አንዱን ነጭ አድርጎ፣ ጎን ለጎን መሳል ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ፕሮግራሞች አሉ፣ የክቧን ቀለም ራስህ ምረጥ የሚሉም አሉ። የኔው ግን ማስተካከያውን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት፤ ቀስት፣ ክብ፣ መስቀል፣ ክብ ከነመስቀል ይላል። ስለ ቀለሟ ቃል አይተነፍስም። መስቀሉንም ሞከርኩት፤ እሱም ይገለበጣል፣ አብሮ ይሰጥማል።

ዓርብ ያገኘሁት ዘዴ ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከሥራው የመጣ ነው። ጥቃቅን ጭረት አልታይ ሲለኝ ከሁሉም በላይ አንድ ጊዜያዊ የከርቭስ ሌየር፣ ብርሃን የሚያስተካክል ንጣፍ ማለት ነው፣ አስቀምጬ ምስሉን አጠቁራለሁ፤ ሥራው የሚሠራው ከሥሩ ባለው ሌየር ላይ ነው፣ የላይኛው መነጽር ብቻ ነው፣ ሲያልቅ ይጣላል። ክቧ የምትገለብጠው ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ከሆነ እሱን ባጠቁርባትስ? 128 የነበረውን ወደ 70 አወረድኩት። ክቧ 185 ሆና ጉንጯ ላይ ቦግ አለች። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዋናው ስካን ጀምሬ እንደገና ለቀምኩት፤ ማርያም የሳመቻትን ዙሪያዋን እየዞርኩ፣ ነጠብጣቡን ብቻ፣ ክቧን አጥብቤ በዙም። ጠርዟ ላይ ስደርስ ትንፋሼን ይዣለሁ።

ቅዳሜ። ሌሊቱን ጨርሼ ላክሁላት። ጠዋት ከሻይ በፊት መልእክቷን አየሁ፦ "ማርያም የሳመችኝ ተመልሳለች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ምነው እንዲህ አጠቆርከኝ?"

የላይኛውን ሌየር ሳላጠፋ ነው የላክሁት። ፋይሉን እየከፈትኩ ነው።