ሹበርትና የመንደር ውሾች

ባለፈው ሐምሌ ነው። የደብረ ማርቆስን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የሚናገረው አይሰማም። መብራት ጠፍቷል። አባዬ ለሕክምና ከሞጣ መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሰሉ አጠገብ ቁጭ ብለዋል። ዝናቡ ጋብ ሲል ስልኬን አወጣሁና ብቻዬን ስሆን የምሰማውን የሹበርትን ዘፈን ከፈትኩ።

አንድ ወንድ በጀርመንኛ ይዘፍናል። አንድ ፒያኖ አብሮት ይሄዳል። ሌላ ምንም የለም።

አባዬ ጥቂት አዳመጡና «ምን እያለ ነው?» አሉኝ።

«በሌሊት ከአንድ ከተማ እየወጣ ነው። ልጅቷ እወድሃለሁ ብላው ነበር። እናትየዋማ ጋብቻ ሁሉ አንሥታ ነበር። ሳይሆን ቀረ። ባዳ ሆኜ መጣሁ፣ ባዳ እንደሆንኩ እወጣለሁ ነው የሚለው። ምድሩ በረዶ ነው። በየጌታቸው ደጅ ውሾች ያላዝናሉ።»

ውሻ ሲባል አባዬ ቀና አሉ።

«በትር አለው?»

አላውቅም ነበር። ይህን ዘፈን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ስለ በትር ግን አስቤ አላውቅም። አባዬ ግን ከሁሉ በፊት የጠየቁት እሱን ነው። አባዬ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። በ12 ዓመታቸው ከሞጣ ገጠር ተነሥተው፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ቅኔ ፍለጋ በእግራቸው ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ሄደዋል። የቆሎ ተማሪና የመንደር ውሻ ደግሞ እንዴት እንደሚተዋወቁ ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው አይነገርም። ቀኝ ባታቸው ላይ እስካሁን የጥርስ ምልክት አለ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ይህን ሙዚቃ የምሰማው በሌላ ጆሮ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ልጅ ሆኜ ክላሲካል ሲባል የማውቀው ትልቅ ሰው ሲሞት በሬዲዮ የሚለቀቀውን ነበር። ከፍ ሲል ደግሞ የቤተ መንግሥት ሙዚቃ ይመስለኝ ነበር። የጌቶች፣ የወርቅ ወንበር። ከፊሉ እውነት ነው። ሃይድን የሚባለው ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ከ1761 ጀምሮ (የአውሮፓው ታሪክ ዓመቶችም ወሮችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት ተቀጥሮ ሠርቷል። እንደ ሌላው የቤቱ አገልጋይ የደንብ ልብስ ይለብስ ነበር። ጌታው ሙዚቃ ሲያምረው ይጽፋል። እንጀራው ግን አይቋረጥም።

ሮማንቲክ የሚባለው ዘመን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቃሉ እኛ ዘንድ ሻማና አበባ ሆኗል። እዚያ ግን ሌላ ነው። ሙዚቀኛው ከጌታው ደጅ የወጣበት ዘመን ነው። የፈረንሳይ አብዮትና የናፖሊዮን ጦርነቶች የድሮውን ቤት አፈረሱት። በ1806 አንድ ሺህ ዓመት ገደማ የቆየው የቅዱስ ሮማ መንግሥት እንኳ ፈረሰ። ብዙ መሳፍንት ኦርኬስትራ የማኖር አቅም አጡ። በከተማ ደግሞ ነጋዴው፣ ጠበቃው፣ መምህሩ ፒያኖ እየገዛ ቤቱ ማስገባት ጀመረ። ሙዚቀኛው እንግዲህ የሚኖረው ኖታ ለአሳታሚ ሸጦ፣ ልጆች አስተምሮ፣ ኮንሰርት አሳይቶ ነው። ነጻ ወጣ። ነጻነቱ ግን ማደሪያ የሌለው ነጻነት ነው። ስለ ራሱ፣ ስለ ብቻነቱ፣ ስለ መንገዱ መዝፈን የጀመረው ያኔ ቢሆን አይገርመኝም።

አባዬ የሰሙትን ዘፈን የደረሰው ፍራንዝ ሹበርት የተወለደው በ1797 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ነው። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ናቸው። ድምፁ መልካም ስለነበር በ11 ዓመቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ጸሎት መዘምርነት ተመረጠ። ድምፁ ሲጎረምስ ከዚያ ወጥቶ በአባቱ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆነ። ቀን ሕፃናት ፊደል ያስቆጥራል። በቀረው ሰዓት ይጽፋል። በ1815 ብቻ፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከ140 በላይ ዘፈኖች ደርሷል። ይህን ለአባዬ ስነግራቸው «በሁለት በሦስት ቀን አንድ ይቆጥር ነበር ማለት ነው» አሉ። ቅኔ እንደሚቆጠረው ማለታቸው ነው። የቅኔ ተማሪም የትናንቱን አይደግምም፤ በየቀኑ አዲስ ነው። በሕይወቱ ሙሉ የጻፋቸው ዘፈኖች ከ600 ይበልጣሉ። የኖረው 31 ዓመት ነው።

እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ። የቪየናን ጉባኤ ለስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ከ1814 እስከ 1815፤ የተሳተፉት ኃያላን እነ እገሌ፤ ዓላማው የድሮውን ሥርዓት መመለስ። ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ፤ እኔም አጠፋዋለሁ። ያቺ ከተማ ውስጥ የ18 ዓመት ልጅ ተቀምጦ ዘፈን ይጽፍ እንደነበር አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። አሁን እነግራቸዋለሁ። ምክንያቱም የጉባኤው ውጤት ምን እንደሆነ የሚገባቸው በእሱ በኩል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናፖሊዮን መጀመሪያ ለብዙ ወጣቶች ተስፋ ነበር። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ቤትሆቨን ሦስተኛውን ሲምፎኒውን ለእሱ ሊያበረክት ነበር። በ1804 ሰውየው ራሱን ንጉሠ ነገሥት ሲያደርግ ስሙን ከወረቀቱ ላይ ፋቀው። ናፖሊዮን ሲወድቅ ደግሞ የመጣው ነጻነት ሳይሆን ሜተርኒኽ ነው። የኦስትሪያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። ፖሊስ፣ ጆሮ ጠቢ፣ ሳንሱር። ከ1819 ወዲህ በጀርመን አገሮች ዩኒቨርሲቲዎችም ክትትል ውስጥ ገቡ። ሰው ሻይ ቤት ከማውራት ቤቱ ቁጭ ማለትን መረጠ። የሹበርት ጓደኞችም ማታ ማታ አንዱ ቤት እየተሰበሰቡ ነው ዘፈኑን የሚሰሙት።

ቤቱም ቢሆን አያስጠልልም። በ1820 ፖሊስ የጓደኛውን የዮሃን ዜንን ክፍል ፈተሸ። ዜን ገጣሚ ነው። ሹበርትም እዚያ ነበር። ሹበርት በተግሣጽ ተለቀቀ። ዜን ግን ከአንድ ዓመት በላይ ታስሮ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ቲሮል ተባረረ። ቪየናን ዳግም መኖሪያ አላደረጋትም። ሌላም ልንገራችሁ። ሹበርት በ1823 «ሤረኞቹ» የሚል አጭር ኦፔራ ጻፈ። ታሪኩ ሚስቶች በባሎቻቸው ላይ ስለሚያድሙት አድማ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም። ሳንሱሩ ግን ርእሱን አይቶ ደነገጠ። «የቤት ውስጥ ጦርነት» ተብሎ ተቀየረ። አንዲት ቃል ያስፈራቸው ነበር። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

አባዬ የሰሙት ዘፈን የመጣው ከዚህ አየር ውስጥ ነው። «ቪንተርራይዘ» ይባላል፤ የክረምት ጉዞ። (ትርጉሙ እኛ ዘንድ ያሳስታል። የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ ከጀርባው መስከረም አለ። የእነሱ ክረምት ወንዝ የሚያረጋ በረዶ ነው። ለአባዬ «የጮቄ ውርጭ ሦስት ወር ሲቆይ አስቡት» ብዬ ነው ያስረዳሁት።) 24 ዘፈኖች ናቸው። ግጥሙ የቪልሄልም ሙለር ነው። ሙለር በ1813 ናፖሊዮንን ለመውጋት በፈቃዱ የዘመተ ሰው ነው። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። ሹበርት ዘፈኖቹን በ1827 ሲደርስ ሙለር በዚያው ዓመት በ32 ዓመቱ ሞተ።

ሹበርት ያኔ ለዓመታት ታሞ ነበር። ጓደኞቹን ጠርቶ ዘፈኖቹን ራሱ ዘፈነላቸው። ደነገጡ። በጣም ጨለማ ነው አሉ። ከመካከላቸው አንዱ የወደድኩት «የሊንደን ዛፍ» የሚለውን ብቻ ነው አለ። ሹበርት ግን እኔ ከሁሉ የምወዳቸው እነዚህን ነው፣ እናንተም ትወዷቸዋላችሁ አላቸው። በኅዳር 1828 ሲሞት የሁለተኛውን ክፍል የማተሚያ ወረቀት አልጋ ላይ ሆኖ ሲያርም ነበር።

አባዬም የወደዱት መጀመሪያ ያንኑ ዛፍ ነው። መንገደኛው ከከተማው በር ውጭ ባለው ጉድጓድ አጠገብ የቆመ ዛፍ ያስታውሳል። ድሮ ጥላው ሥር ይተኛ ነበር። አሁን በጨለማ ሲያልፍ ቅርንጫፎቹ «ና፣ እዚህ ታርፋለህ» የሚሉት ይመስለዋል። አያርፍም። ፒያኖው ቅጠሉን ያንሾካሹካል። ደስ የሚለው ዜማ መሐል ላይ ይጠቁርና ተመልሶ ይበራል። የሹበርት ትልቁ ጥበብ ለእኔ ይህ ነው። ብሩሁ ዜማ የሚመጣው ያለፈውን ሲያስታውስ ነው። በመጀመሪያው ዘፈንም እንዲሁ። እስከ መጨረሻው ሐዘን ነው። ልጅቷን እንዳይቀሰቅስ በሩን ቀስ ብሎ ሲዘጋ፣ ደህና እደሪ ብሎ ደጃፏ ላይ ሲጽፍ ግን ዜማው ይበራል። ያን ጊዜ ነው አንጀት የሚበላው። አባዬ ዛፉን ሲሰሙ «ይኼስ አራራይ ነው» አሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን የዜማ ስልቶች አንዱን ማለታቸው ነው። የዜማ ተማሪ ስላልሆኑ ይህን ሲሉ ትንሽ ተጠንቅቀው ነው። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

17ኛው ላይ ስንደርስ ውሾቹ ተመልሰው መጡ። መንደሩ ተኝቷል። ውሾች ይጮኻሉ፤ ሰንሰለታቸው ይንኳኳል። ፒያኖው ያንን ሰንሰለት ያሰማል። መንገደኛው ጩኹ፣ አባርሩኝ ይላቸዋል። አባዬ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ከአንድ ቤት «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ሲጮኹ ውሻ ተለቆባቸው አኮፋዳቸውን ጥለው የሮጡበትን ቀን አወሩኝ። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግን ሲነግሩን ሁልጊዜ እያሳቁ ነበር። ያን ማታ አላሳቁም። «ቁራሹ ጭቃ ውስጥ ፈሰሰ» አሉና ዝም አሉ።

የዚያ ዘመን ሙዚቃ መንገደኛ የበዛበት ነው። ሾፓንን ብታነሡ እሱም ያው ነው። አገሩ ፖላንድ በ1795 በሦስት ጎረቤቶች ተከፋፍላ ከካርታ ጠፍታለች። በ20 ዓመቱ፣ ጥቅምት 1830 መጨረሻ ላይ ዋርሶን ሊለቅ ሻንጣውን ሸክፏል። ኅዳር 2 ወጣ። ወሩ ሳያልቅ፣ ኅዳር 29፣ በሩሲያ ላይ ዐመፅ ተነሣ። በዓመቱ ዋርሶ ወደቀች። አልተመለሰም። ፓሪስ ተቀምጦ የገበሬውን ጭፈራ፣ ማዙርካን፣ በፒያኖ ጻፈው። ከ50 ይበልጣሉ። ሹማን የሚባለው ደራሲ የሾፓን ሥራዎች አበባ ውስጥ የተደበቁ መድፎች ናቸው ብሎ ጽፏል። በ1849 ሲሞት ሥጋው ፓሪስ ተቀበረ፤ ልቡን እህቱ ዋርሶ ወሰደችው። እስካሁን እዚያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ አለ። ስለ ሾፓን ሌላ ቀን በሰፊው እጽፋለሁ።

የሹበርት የመጨረሻው ዘፈን፣ 24ኛው፣ እንዲህ ነው። ከመንደሩ ጀርባ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። የሚጫወተው መሣሪያ በእጅ ተሽከርካሪ ነው፤ መንኰራኩሩ ሲዞር አውታሩን ይፍቀዋል። ጣቱ ደንዝዟል። በባዶ እግሩ በረዶ ላይ ይንገዳገዳል። ትንሿ ሳህኑ ባዶ ናት። የሚሰማው የለም። ውሾች ዙሪያውን ያጉረመርማሉ። እሱ ግን ማዞሩን አያቆምም። የፒያኖው ግራ እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንኑ ሁለት ድምፅ ይዞ ይቀራል። መሰንቆ ሲፋቅ ከሥር እንደሚያንጎራጉረው። መንገደኛው በመጨረሻ ይጠይቀዋል። አብሬህ ልሂድ? ለእኔ ዘፈን መሣሪያህን ታዞርልኛለህ? እዚያ ላይ ያልቃል።

«ሳህኑ ላይ ማንም አልጣለለትም?» አሉ አባዬ።

«ማንም።»

«ማርያም የሚባል አያውቁም እነዚያ ሰዎች?»

ያውቃሉ አልኳቸው። ቪየና ቤተ ክርስቲያን የሞላባት ከተማ ናት። ራሳቸውን ነቅንቀው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። መብራት መጣ። ተኛን።

አባዬ ወደ ሞጣ ከተመለሱ በኋላ ግጥሞቹን በሙሉ ከትርጉማቸው ጋር ቁጭ ብዬ አነበብኩ። 21ኛው ላይ አገኘሁት። መንገደኛው ደክሞት መቃብር ቦታ ይደርሳል። የእንግዳ ማደሪያ ነው ብሎ ይገባል። ክፍሎቹ ሁሉ ተይዘዋል፤ መቃብሩ እንኳ አላሳድርህም ይለዋል። ያኔ ዞሮ የሚያናግረው በትሩን ነው። ወዲያው ደወልኩ።

«አባዬ፣ በትር አለው።»

የቱን እንደምል ወዲያው ገባቸው። «አላልኩሽም? ያለ በትርማ እስከዚያ አይደርስም» አሉ። የት እንዳደረ ጠየቁኝ። የመቃብሩን ነገር ነገርኳቸው። ስልኩ ለጊዜው ጸጥ አለ።

«እኛንስ መቃብር ቤት አስጠግቶናል» አሉ። «ስድስት ሆነን ነው የምናድርበት። ያ ልጅ ዲማ ቢመጣ ኖሮ ማደሪያ አያጣም ነበር።» ከዚያ ደግሞ «እስኪ በትሩን ምን ብሎ ነው የጠራው?» አሉኝ።

«ታማኙ በትሬ፣ እንግዲህ እንሂድ ነው የሚለው» አልኳቸው።