አምባሰልን ከቴክ ሀውስ ጋር ሳዋሕድ

በጣና ዳር ባሉ የሆቴል ጓሮዎች ቅዳሜ ማታ የማጫውተው በአብዛኛው ቴክ ሀውስ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ነው። እንግዳው ይጨፍራል፤ የባሕር ዳር ሰው ትከሻ ግን ማሲንቆ እስኪሰማ ድረስ በደንብ አይነቃም። ስለዚህ አንድ የማውቃቸውን አዝማሪ ለምኜ፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት አራት ቅኝቶች አንዱን፣ አምባሰልን ቀዳሁ። በጆሮ ማዳመጫ የከበሮ ምት እየሰሙ ስለተጫወቱ ፍጥነቱ በደቂቃ 117 ምት ላይ ጸና።

ዲጄዎች ሙዚቃን በኪይ (አንድ ሙዚቃ በሚመሠረትባቸው ድምፆች) ለማዛመድ ካሜሎት የሚባል ክብ ይጠቀማሉ። ክቡ 24ቱን ኪዮች ከ1 እስከ 12 ይደረድራል፤ ማይነሮቹ «ኤ»፣ ሜጀሮቹ «ቢ» የሚል ፊደል ይከተላቸዋል። ቁጥራቸው አንድ የሆነ፣ ወይም ፊደላቸው አንድ ሆኖ ቁጥራቸው ጎረቤት የሆነ ሙዚቃዎች ይስማማሉ። ኮምፒውተሩ የእኔን አምባሰል መርምሮ 4ኤ፣ ማለትም ኤፍ ማይነር አለው። ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ናቸው (ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ፣ ሻርፕ ማለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ነው)፤ አምስቱም በኤፍ ማይነር ውስጥ ስለሚገኙ አይፈረድበትም። እኔ ግን «ጋሼ፣ ዜማው የሚያርፈው የት ላይ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ደጋኑን ሳብ አድርገው ሲን አስረዝመው ካሰሙኝ በኋላ «እዚህ ነዋ ልጄ፣ ሌላ የት ሊገባ ኖሯል?» አሉኝ።

የቴክ ሀውሱ ፍጥነት 124 ነው። ማሲንቆውን እዚያ ለማድረስ 6 በመቶ ገደማ መጨመር ያስፈልጋል። ማጫወቻዎች ፍጥነት ሲቀየር ኪዩን ባለበት የሚይዝ መቆለፊያ አላቸው፤ ለኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጥሩ ነው፤ የፈረስ ጭራን ድምፅ ግን ያሻክረዋል። አጠፋሁት። ያለ መቆለፊያ 6 በመቶ መፍጠን ድምፁን በግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ «ሲ» ወደ «ሲ ሻርፕ» ተቀየረ፣ 4ኤም 11ኤ ሆነ። ማሲንቆ የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ስለሆነ ግን ትንሽ ዝቅ ማለቱ አልቀረም። 1 በመቶ የፍጥነት ለውጥ የግማሽ ድምፅ አንድ ስድስተኛ ያህል ነው፤ የቴክ ሀውሱን ኪይ እንደተቆለፈ ትቼ የሁለቱንም ፍጥነት አብሬ በጥቂቱ ስጨምር ገጠሙ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የትኛውም ቁጥር አይነግራችሁም። የ11ኤ፣ ማለትም የኤፍ ሻርፕ ማይነር ሙዚቃ ከሥር ሳስገባ አንድም ድምፅ አልተጋጨም፤ አምባሰሉ ግን ጠፋ! ጆሮዬ የሚሰማው ትዝታ ማይነር ሆነ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ከሲ የሚነሣ አምባሰልና ከኤፍ የሚነሣ ትዝታ ማይነር አምስቱንም ድምፅ ይጋራሉ፤ ግማሽ ድምፅ ከፍ ሲሉም ያው ናቸው። ዜማው የማን እንደሆነ የሚወስነው ከሥር የተቀመጠው ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ ነው። ስለዚህ ቤዙ ሲ ሻርፕ ላይ የተተከለ የ12ኤ፣ ማለትም የሲ ሻርፕ ማይነር ሙዚቃ ፈለግሁ። 11ኤና 12ኤ የሚለያዩት በአንዲት ድምፅ ነው፤ በመጀመሪያው ዲ ያለችበት በሁለተኛው ዲ ሻርፕ ይገባል። አምባሰል ደግሞ ያለዚያች ዲ አምባሰል አይደለም። ቴክ ሀውስ ብዙ ጊዜ በአንድና ሁለት ድምፅ የሚመላለስ ቤዝ ስላለው፣ ዲ ሻርፕን ፈጽሞ የማይነካ ሙዚቃ ማግኘት አላስቸገረኝም።

ማሲንቆውን የማስገባው ቤዙና ኪኩ (የትልቁ ከበሮ ምት) ብቻቸውን ሲቀሩ ነው፤ 64 ምት፣ 31 ሰኮንድ ገደማ። ሃይሃት (ቀጭኑ የጸናጽል ድምፅ) ካለ አይሆንም፤ የማሲንቆው የችክችካ ምት 6/8 ሆኖ ሦስት ሦስት እየቆጠረ ሃይሃቱ አራት አራት ሲከፍል ይረጋገጣሉ። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን የማሲንቆውን ጉርምርምታ በሚክሰሩ እቆርጣለሁ። ሜዳ ላይ ቤዝን የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ የመካከለኛው ድምፅ ግጭት ከቤት ውስጥ ይልቅ አፍጥጦ ይሰማል፤ ጣና ዳር የሚያጫውት ሰው ይህን ማሰብ አለበት።

አሁን በየፋይሉ ስም ላይ የኮምፒውተሩን ቁጥርና የቤዙን ድምፅ አብሬ እጽፋለሁ። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነር ብዙም አያስቸግሩም። አንቺ ሆዬ ግን የትኛውም የክቡ ቁጥር ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይገባም፤ ከሲ ሲነሣ ዲ ፍላት፣ ጂ ፍላትና ተፈጥሯዊው ኤ በአንድ ላይ ይመጣሉ። እሱን ዜማ በሌለው፣ ከበሮ ብቻ ባለው ሙዚቃ ላይ ነው የማስቀምጠው።