ከሞኮዌ እስከ ላሙ

ዛሬ ኬንያ ውስጥ ሞኮዌ ወደብ ላይ ከባለቤቴ ጋር ተኳረፍን። ከሞምባሳ ጀምሮ በአውቶቡስ ስንንገላታ ውለን፣ ወደ ላሙ ደሴት የምታሻግረንን ጀልባ እየጠበቅን ነበር። እሷ ውሃ እንፈልግ አለች፤ እኔ ጀልባዋ ታመልጠናለች አልኩ። በቃ፣ በዚህች ተነሳ።

ጀልባዋ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ነፋሱ ሻርፗን ሲገልጠው ትከሻዋን አየሁት። የቦርሳው ማንገቻ ያረፈበት ቦታ ቀልቷል፤ ጠርዙ ተልጧል፤ ላቡ ነጭ ጨው ሆኖ ደርቆበታል። አንድም ቀን አመመኝ አላለችም! ስንወርድ ቦርሳዋን ተቀብዬ በደረቴ አነገትኩት። ዝም ብላ እጄን ያዘችኝ።

ላሙ ደግሞ ድካም ታስረሳለች። እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ጥንታዊ የስዋሂሊ ከተማ ናት። መንገዶቿ ከመጥበባቸው የተነሳ ዕቃ የሚጓጓዘው በአህያ ነው። ማታ በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝ በአሳ በላን፤ እስኪበቃን ሳቅን።

ቤት ስንኳረፍ አንዳችን ሳሎን፣ አንዳችን መኝታ ቤት እንገባለን። እዚህ መሸሻ የለም። ረሃቡም፣ ሙቀቱም፣ ደስታውም የጋራ ነው። ባለቤቴን በዚህ ጉዞ ያወቅኋትን ያህል አዲስ አበባ ላይ አላወቅኋትም። ባለትዳር ጓደኞቼ፣ ኬንያ ለእኛ ቪዛ አትጠይቅም። ከቻላችሁ ቦርሳችሁን አንግታችሁ ውጡ።