የድርጅትን የባንክ ሒሳብ ዘግቶ ወደ ሌላ ባንክ ስለመዛወር

የማተሚያ ቤታችንን ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ለዓመታት ከሠራንበት ባንክ ዘግተን ወደ ሌላ ባንክ ካዛወርን ወዲህ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው የንግድ ሰዎች ስለ ሒደቱ በተደጋጋሚ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን በጽሑፍ ማስፈሩ ይጠቅማል ብዬ አምኛለሁ። አብዛኛውን ጠያቂ የሚያሳስበው በሒሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ እንዴት እንደሚወጣ ነው። ገንዘቡ ግን ከሁሉም የቀለለ ነው፤ በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ወይም በቀጥታ ዝውውር ይሻገራል። የሚከብደው ድርጅቱ በዚያ ሒሳብ ስም ለሌሎች የሰጠው ቃል፣ ማለትም ያልተመነዘረ ቼክ፣ ባንኩ ለድርጅቱ ዋስ ሆኖ የጻፈውና ያልተመለሰ የዋስትና ደብዳቤ፣ እንዲሁም በየደንበኛው መዝገብ የሰፈረው የሒሳብ ቁጥር ነው። እነዚህ አንድ በአንድ ሳይሰበሰቡ የመዝጊያ ደብዳቤ መጻፍ የለበትም።

ለመዛወር ያበቃን የሥራ ማስኬጃ ብድር ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ ካበጀ በኋላ ብድር ማግኘት ለሁሉም እንደከበደ እረዳለሁ፤ ብንከለከልም እንቀበል ነበር። ማመልከቻችን ግን «ተፈቅዷል» ወይም «አልተፈቀደም» የሚል የጽሑፍ መልስ ሳያገኝ ለወራት ተቀመጠ፤ ወረቀት በምን ያህል እንደምንገዛና ለየትኛው ጨረታ እንደምንቀርብ መወሰንም አቃተን። ገቢውን በሙሉ በአንድ ባንክ የሚያስገባ ደንበኛ ቢያንስ መልስ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

አዲሱን ሒሳብ የከፈትነው አሮጌው ሳይነካ ነው። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የመመሥረቻ ጽሑፍና የፈራሚዎቹ መታወቂያ ተጠይቀናል። በአዲስ አበባ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ግዴታ ስለሆነ፣ ከባለድርሻዎቹ መካከል ፈራሚ የሚሆነው ሰው አስቀድሞ መመዝገቡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከወረቀቶቹ ሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ቃለ ጉባኤው ነው። እኛ በአንድ ቃለ ጉባኤ ሁለቱንም ውሳኔ አሰፈርን፤ አዲሱ ሒሳብ እንዲከፈት፣ ማን በነጠላ ማን በጣምራ እንደሚፈርም፣ አሮጌው ሒሳብ በቁጥሩ ተጠቅሶ እንዲዘጋና ይህንንም ማን እንደሚያስፈጽም። መዝጋቱ በቃለ ጉባኤው ካልተጠቀሰ አሮጌው ባንክ ሌላ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ ባለድርሻዎችን ዳግም ሰብስቦ ውልና ማስረጃ መመለስ ግድ ይሆናል።

ዋናው ሥራ ቼክ ነው። ባንክንና ቼክን በሚመለከት ዛሬም የሚሠራው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ሕግ ይህን ክፍል አልሻረውም። በዚያ ሕግ መሠረት ቼክ በስድስት ወር ውስጥ ለክፍያ ይቀርባል፤ ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ በመሆኑም ወደፊት ቀን የተጻፈበት እንኳ ቀኑ ሳይደርስ ከቀረበ ያኔውኑ ሊከፈል ይገባል። የመርካቶ ንግድ ግን ለወር ወይም ለሁለት ወር በተጻፈ ቼክ መተማመን ላይ የቆመ ነው፤ ወረቀትና ቀለም የምንገዛውም በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ከመንካታችን በፊት የሒሳብ ሠራተኛችን የቼክ ደብተሮቹን ቀሪ ከባንኩ ስቴትመንት ጋር እያመሳከረች ያልቀረቡትን ቼኮች በተራ ቁጥር ለይታ አወጣች። እንዲህ ያለ ቼክ በነጋዴ እጅ እያለ ሒሳቡን ባዶ አድርጎ መዝጋት እምነት ማፍረስ ብቻ አይደለም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ (በሒሳቡ ያለ ገንዘብ) የሌለው ቼክ እያወቁ ማውጣትን በወንጀል ይቀጣል፤ ስንቅ መኖር ያለበትም ቼኩ በሚጻፍበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን በሚቀርብበትም ጊዜ ነው።

ቼክ በእጃቸው ወደነበረ ነጋዴዎች በአካል ሄድኩ። ለዓመታት ወረቀት የሚያቀርቡልን አንድ አዛውንት ነጋዴ ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ አዲሱን ቼክ አምጪ፤ አሮጌውን ያኔ እመልስልሻለሁ» አሉኝ። ትክክለኛው አሠራርም ይኸው ነው፤ ማንም ዋስትናውን ከእጁ አስቀድሞ እንዲለቅ ሊጠየቅ አይገባም። አዲሱን ቼክ በተመሳሳይ ቀንና መጠን ጽፌ ወሰድኩላቸው፤ እሳቸውም አሮጌውን ከካዝናቸው አውጥተው መለሱልኝና መለዋወጣችንን በሚገልጽ አጭር ወረቀት ላይ ፈረምን። ያልተጻፈባቸውን የቼክ ቅጠሎች ደግሞ ለባንኩ አስረከብን፤ የባንኩ ሠራተኛ በተራ ቁጥራቸው እየቆጠረች በእያንዳንዱ ላይ «ተሰርዟል» የሚል ማኅተም ካሳረፈች በኋላ የፊርማውን ቦታ በመቀስ ቆረጠችው። የተረከበቻቸውን ቁጥሮች ዝርዝር አስፈርሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ነገር ዋስትና ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያቀርብ ድርጅት የጨረታ ማስከበሪያና የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ሁልጊዜ ውጭ አለው። የዋስትና ደብዳቤ ለመስጠት ባንኩ ከሒሳቡ ላይ የያዘው ገንዘብ የሚለቀቀው የደብዳቤው ዋና ቅጂ ተመልሶ ሲመጣ ነው፤ የተሸነፍንበት ጨረታ ሲፒኦም ቢሆን ሲመለስ ገቢ የምናደርገው ባወጣው ባንክ ነው። ስለዚህ አዲስ ጨረታ በአዲሱ ባንክ፣ የተጀመረው ደግሞ እስኪያልቅ በአሮጌው እንዲቀጥል አደረግን። የመማሪያ መጻሕፍት ወይም የፈተና ኅትመት ውል ያለው ሰው ርክክቡ ተፈጽሞ ደብዳቤው እጁ እስኪገባ ድረስ መዝጋትን ባያስበው ይሻላል።

ገቢን ማዛወር ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ለደንበኞቻችን ሁሉ በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ላክን፤ የግል ድርጅቶች ወዲያው አስተካከሉ፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ግን ከደብዳቤው በኋላም በአሮጌው ቁጥር ከፍለዋል። አሮጌው ሒሳብ በዚያ ጊዜ ተዘግቶ ቢሆን ክፍያው ተመልሶ የት እንደቆመ ፍለጋ እንገባ ነበር። ደመወዝና የጡረታ መዋጮ ከወር መጀመሪያ በአዲሱ ሒሳብ ስለጀመርን ችግር አላስከተሉም።

ጊዜውን በሚመለከት የምመክረው የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ ሐምሌና ነሐሴን መጠቀም ነው፤ በዓመቱ መካከል የተዛወረ ድርጅት ኦዲተሩ የሁለት ባንክ ስቴትመንት እንዲያስታርቅ ያስገድዳል። በመጨረሻም ሒሳቡ መዘጋቱን የሚገልጽ፣ ቀኑንና ቀሪ ሒሳቡን የያዘ ደብዳቤ ከባንኩ መቀበል፣ እስከ መዝጊያው ቀን ያለውን ስቴትመንትም በማኅተም አስወጥቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ ይህን ፍለጋ መሄድ አድካሚ ነው።

በእንግሊዝ አገር ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግለሰቦችም ሆኑ አነስተኛ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ የሚያዛውሩበት የጋራ አገልግሎት አለ፤ አዲሱ ባንክ ሥራውን ሁሉ ይረከባል፤ ወደ አሮጌው ቁጥር የሚላክ ክፍያም ወደ አዲሱ ይዞራል። እኛ ጋ ባንኮቻችንን የሚያገናኝ ኢትስዊች አለ፤ ገንዘብ ከባንክ ወደ ባንክ ማስተላለፍም የዕለት ሥራ ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲስ የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር በከፈተበት በዚህ ጊዜ፣ ብሔራዊ ባንክ አሮጌው ባንክ የመዝጊያ ማመልከቻን በስንት ቀን ውስጥ አስተናግዶ የመዝጊያ ደብዳቤውን መስጠት እንዳለበትና በስህተት የገባ ክፍያን ለስንት ወር ወደ አዲሱ ሒሳብ ማስተላለፍ እንዳለበት በመመሪያ ቢደነግግ፣ ባንኮች ደንበኛን በአገልግሎታቸው ለማቆየት ይገደዱ ነበር።